የፈረሰው ጦር፣ ያልተቆረጠው ገመድ

ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንዱ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ አንጋፋ መምህር ናቸው፤ ሌላዋ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች ላይ የምትሠራ ጠበቃ ናት። የሚከራከሩት አብዮት ወይም ጦርነት ሲያበቃ የአንድ አገር ሠራዊት ምን መሆን እንዳለበት ነው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጠበቃዋ፦ መምህር፣ ከአንድ በዓል ልነሣ። የሠራዊት ቀን ለዓመታት ሲከበር የቆየው የካቲት 7 ነበር፤ መከላከያ ሠራዊት በአዋጅ የተቋቋመው በየካቲት 1988 ነው በሚል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዓሉ ወደ ጥቅምት 15 ተዛውሮ፣ ልደቱ ዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስቴርን ካቋቋሙበት ከ1900 ይቆጠር ጀመር። ሠራዊቱ ያው ነው፤ ዕድሜው ግን በ88 ዓመት ጨመረ። እኔ ይህን የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ አድርጌ አላየውም። በየለውጡ ማግስት «ይህ ጦር የማን ነው? የኛ የሆነውስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መኖሩን ያሳየኛል። ስለዚህ የምጠይቅዎት ይህንን ነው፤ አብዮተኛ ሲያሸንፍ ያገኘውን ጦር መበተን አለበት ወይስ መውረስ?

መምህሩ፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ «መበተን ወይስ መውረስ» ብለሽ ለሁለት ስትከፍይው ግን ዋናው ነገር ይሰወርብናል። ማንኛውም መደበኛ ጦር ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ተቋሙ ነው፤ የጦር ትምህርት ቤቱ፣ የማዕረግ ሥርዓቱ፣ በብዙ ዓመት የተከማቸው የመድፈኛው፣ የአብራሪውና የመካኒኩ ሙያ፣ የሞቱትና የቆሰሉት መዝገብ። ሁለተኛው ያን ተቋም ሥልጣን ላይ ከተቀመጠው ሰው ወይም ድርጅት ጋር የሚያስረው ገመድ ነው፤ ማን ይሾመዋል፣ ማን ይሽረዋል፣ የማንን ወንበር ለማዳን ይተኩሳል የሚለው። ከለውጥ በኋላ መቆረጥ ያለበት ይህ ገመድ ነው። ተቋሙ ይታረም፣ ይቀነስ፣ ያጠፋው ይጠየቅ፤ መጥፋት ግን የለበትም። እኛ በ1983 ያደረግነው የዚህን ግልባጭ ነው። ተቋሙን በተንን፤ ገመዱን ለአዲሱ ባለቤት አስረከብን። ከዚያ ወዲህ የደረሰብን መከራ ሁሉ ከዚህ መጣ አልልሽም፤ ብዙው ግን ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ጠበቃዋ፦ ገመዱ ግን ከ1983 በፊትም ነበረ። ንጉሡም ጦሩን ለዙፋናቸው አስረውታል፤ ደርግም አስሮታል። ኢሕአዴግን ለይቶ መውቀስ አይሆንብንም?

መምህሩ፦ ለይቼ አልወቅስም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተገነባው ዘመናዊ ጦር ከመነሻው ሁለት ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ ድንበር መጠበቅና ዙፋን መጠበቅ። የክብር ዘበኛና ጦር ሠራዊቱ ለየብቻ የቆሙት አንዱ ሌላውን እንዲያይ ጭምር ነው። ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሲነሡ፣ መፈንቅለ መንግሥቱን ያከሸፉት ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ናቸው። ንጉሡ ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ፤ ወታደሩ ግን ዙፋን የሚያቆመውም የሚጥለውም እሱ መሆኑን ያን ጊዜ አየ። ከዚያ በጥር 1966 በነገሌ ቦረና የሆነውን ተመልከቺ። የወታደሮቹ ውኃ መሳቢያ ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ፤ ምግቡም አፍ የሚያስገቡት አልነበረም። አቤቱታቸውን እንዲሰማ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ይዘው የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። የጠየቁት ውኃና ምግብ ነው። በወታደሩና በንጉሡ መካከል አቤቱታ ተቀብሎ በሕግ የሚወስን አካል ስላልነበረ ግን የውኃ ጥያቄ በጥቂት ወራት ውስጥ የመንግሥት ጥያቄ ሆነ። ሰኔ 21 ቀን ከየክፍሉ የተወከሉ የበታች ሹማምንትና መለስተኛ መኮንኖች ደርግን መሠረቱ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸኑ። የዙፋን ጠባቂው ራሱ ዙፋኑ ላይ ወጣ።

በደርግ ዘመን የነበረውን ጦር በአንድ ቃል መፈረጅም ግፍ ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ክረምት ኦጋዴንን ሲወር፣ በታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት የሠለጠኑ ገበሬዎች ከመደበኛው ጦርና ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆነው በየካቲት 1970 ጅጅጋን አስለቅቀዋል። ያ የአገር መከላከል ሥራ ነው፤ ማንም ሊፍቀው አይገባም። ያው ጦር ግን በሰሜን የፖለቲካ ጥያቄን በጥይት እንዲመልስ ታዘዘ፤ በየአዛዡም ጎን የፖለቲካ ኃላፊ ተተከለበት። ገመዱ ሲጠብቅ ተቋሙን እንዴት እንደሚያንቅ ለማየት ሁለት ዓመት ይበቃል። በየካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በራሳቸው መንግሥት ተረሸኑ፤ በሚቀጥለው ወር ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ዐምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ፤ ከዓመት በኋላም 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በትልቅ ወጪና በረጅም ጊዜ የሠለጠነ የአዛዥ ትውልድ በጠላት እጅ ሳይሆን በራሱ ጠቅላይ አዛዥ እጅ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተረፈው ጦር ለምን አልተዋጋም ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ጠበቃዋ፦ እንግዲህ ይህ የተናገሩት ራሱ የኔን ክርክር ይደግፋል። ያ ጦር ለሥርዓቱ ሲተኩስ የኖረ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 በሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የወረደው ከዚያው አየር ኃይል አውሮፕላን ነው። ልጁ ወይም እናቱ እዚያ የሞቱበት ሰው ያንኑ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው «የአገር ሠራዊት» ተብሎ ሲመለስ እንዴት ይቀበል? ያሸነፉት ታጋዮችስ ትናንት ሲተኩስባቸው በነበረው መኮንን ሥር ተሰለፉ ይባላሉ? መበተኑ ፍትሕ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቀላል ክርክር አይደለም።

መምህሩ፦ ቀላል አይደለም፤ ለዚህም ነው ቅጣትን ከተቋም መለየት የሚያስፈልገው። ሐውዜንን ያስደበደበ ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ የፈረመበት ወረቀት አለው። አገሪቱም ይህን መንገድ አታውቀውም አይባልም፤ በ1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፣ በ1987 የደርግ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ በ1999 ፍርድ ተሰጠ። የዘገየና ብዙ የሚነቀፍበት ሂደት ነው፤ ሆኖም በሰው ደረጃ መጠየቅ እንደሚቻል አሳይቷል። ሠራዊቱን በጅምላ መበተን ግን ከዚህ የተለየ ፍርድ ነው። ገበያ ያስደበደበውን ጄኔራልና በአፈሳ ተይዞ ብሔራዊ ውትድርና የገባውን የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ኤል ሳልቫዶርን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1992 በቻፑልቴፔክ ስምምነት የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ጦሩ አልፈረሰም፤ በግማሽ ያህል ተቀነሰ፣ የየመኮንኑ ታሪክ በኮሚሽን ተመርምሮ መቶ ያህሉ እንዲባረሩ ወይም እንዲዛወሩ ተወሰነ፣ ሰው በማፈን የታወቁት የጸጥታ ክፍሎች ተዘጉ፣ የውስጥ ጸጥታም ከጦሩ ተወስዶ ለአዲስ ሲቪል ፖሊስ ተሰጠ። እዚያ የተቆረጠው ሥራው ነው፤ ወንጀለኛው ለብቻው ተለየ፤ የቀረው ወታደር ወታደር ሆኖ ቀጠለ።

ጠበቃዋ፦ ኤል ሳልቫዶር ሁለቱ ወገኖች ሳይሸናነፉ የተደራደሩባት አገር ናት። እኛ ዘንድ ግን ለድርድር የሚቀርብ ጦር አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ጠቅላይ አዛዡ አገር ጥለው ሄዱ፤ እስከ ግንቦት 20 ክፍለ ጦሮቹ ራሳቸው ፈረሱ፤ ባሕር ኃይሉ መርከቡን ይዞ ከአገር ወጣ፤ ወታደሩ በእግሩ ወደ ሱዳንና ወደ የመንደሩ ተመመ። ሌላም አለ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የታጠቀ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሷል። ኮሚሽን ተቋቁሞለት፣ እንደ ጦላይ ባሉ ሰፈሮች ቆይቶ፣ ስንቅ ተሰጥቶት፣ ገበሬው መሬቱን አግኝቶ ገባ። ኢራቅን ያስቧት፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2003 የአሜሪካ አስተዳደር ጦሩን በአንድ ወረቀት ሲበትን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ያለ ደሞዝ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ብዙዎቹም ወደ አማፂው ገቡ። እኛ ዘንድ ይህ አልሆነም። ለዚህ ምስጋና አይገባም ይላሉ?

መምህሩ፦ ይገባል፤ ያለ ማመንታት ይገባል። ይህን ያህል ሕዝብ ትጥቅ አስፈትቶ አገር በሽፍታ እንዳትሞላ ማድረግ ብዙ ድሃ አገር ያልቻለው ነው። ግማሽ ሚሊዮን ጦር ይዞ መቀጠልም አይቻልም ነበር፤ አገሪቱ አትመግበውም። የምለው ሌላ ነው። ወታደሩን ወደ ቤቱ በሰላም መሸኘትና የሠራዊቱን ሚና መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስለተሳካ ሁለተኛው የተሠራ መሰለን። የተበተኑት ክፍለ ጦሮች ይፍረሱ፤ ነገር ግን በሰፈሩ ውስጥ እጁ ንጹሕ የሆነውን መድፈኛ፣ አብራሪ፣ መሐንዲስና አስተማሪ መኮንን አንድ በአንድ መርጦ ከታጋዩ ጋር የአዲሱ ጦር መሥራች ማድረግ ይቻል ነበር። የተደረገው ግን የኢሕአዴግ ጦር የሽግግሩ መንግሥት ጦር እንዲሆን ማወጅ ነው፤ ከቀድሞው ጦር ሙያቸው የተፈለገ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የቀድሞዎቹ አብራሪዎች፣ የታንክና የመድፍ ባለሙያዎች ከየቤታቸው ተጠሩ። «የደርግ ወታደር» ተብሎ የተሸኘው ሰው አገር ስትደፈር «ና» ተባለ፤ መጣም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም፤ ያ ሰው ቀድሞም የአገር ወታደር ነበር፤ የፈረሰው ተቋምም ያስፈልግ ነበር።

ጠበቃዋ፦ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ግን ገመዱ በሕግ ተቆርጧል። አንቀጽ 87 ላይ አምስት ነገር ተጽፏል፤ ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ ይሆናል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሆናል፤ ሠራዊቱ የአገሪቱን ሉዓላዊነት ይጠብቃል፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጠውን ተግባር ይፈጽማል፤ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ ይሆናል፤ ተግባሩንም ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ያከናውናል። ከዚህ የጠራ ጽሑፍ ብዙ አገር የለውም። ታዲያ ይህ የተቆረጠ ገመድ የማይባለው በምን ምክንያት ነው?

መምህሩ፦ ጽሑፉ የጠራ ነው፤ ገመዱ ያለው ግን በሹመቱ፣ በገንዘቡና በትእዛዙ ውስጥ ነው። በሹመቱ እንጀምር። ተራው ወታደር ከመላው አገር ተመለመለ፤ ከፍተኛው አዛዥነት ግን ለረጅም ጊዜ በብዛት በአንድ ድርጅት የቀድሞ ታጋዮች እጅ ቆየ። እነዚህ ሰዎች ጦርነት የሚያውቁ፣ ብዙዎቹም አገራቸውን በሙሉ ልብ ያገለገሉ ናቸው። ነገር ግን የማዕረጋቸው ምንጭ የድርጅቱ የትግል ታሪክ ስለነበረ፣ ድርጅቱ የተሰነጠቀ ዕለት ሠራዊቱም አብሮ እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነበር። ወደ ትእዛዙ ስንመጣ፣ ግንቦት 1997 ምርጫው ሲያወዛግብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመዲናዋ ያሉትን የጸጥታ ኃይሎች በቀጥታ በራሳቸው ዕዝ ሥር አደረጉ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 መንገድ ላይ ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑም 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መዘገበ። አንቀጽ 87 ያን ጊዜም ከነነጥቡ በቦታው ነበር። በመጨረሻ ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሆነውን እናውቃለን። ሃያ ዓመት በአንድ ምሽግ የኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ የበሉ የሰሜን ዕዝ ሰዎች በሌሊት ለሁለት ተከፍለው ተታኮሱ። ያን ሌሊት የተሰበረው እምነት በአንድ ቀን የተሰበረ እንዳይመስልሽ። ሠራዊቱ ከድርጅቱ ሳይለይ የኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ድምር ነው።

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ ገመዱ ይቆረጥ እንበል። አሁን የምፈራውን ልንገርዎት። ለማንም የማይታዘዝ ጦር ለራሱ ብቻ ይታዘዛል። ግብፅን ይዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጦሩ ከሙባረክ ጋር የነበረውን ገመድ ቆረጠ፣ ሕዝቡም አጨበጨበለት፤ በ2013 በሕዝብ የተመረጠውን ፕሬዚዳንት አውርዶ ራሱ ተመለሰ። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ጄኔራሎቹ አል በሽርን ጣሉ፤ በ2021 ሲቪሎቹን ከመንግሥት አባረሩ፤ ከ2023 ጀምሮ መደበኛው ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ካርቱምን እያፈራረሱ ተዋጉባት። ከእንዲህ ያለ ነጻነት ለአንድ ፓርቲ የሚታዘዝ ጦር አይሻልም?

መምህሩ፦ ይህ ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞሽ ነው፤ ክርክሬንም እንዳጠራው ያስገድደኛል። መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ የተቆረጠው ገመድ ከሕግ ጋር መታሰር አለበት። የግብፅ ጦር ከሙባረክ ሲለይ በእጁ ምን ነበረው? ፋብሪካ፣ መሬት፣ የግንባታ ሥራ፣ ፓርላማ የማይመረምረው በጀት። ከሰውየው ተለየ እንጂ ከራሱ ኪስ አልተለየም። በሱዳንም ሁለቱም ኃይሎች የየራሳቸው ንግድ ነበራቸው፤ ፈጥኖ ደራሹ ወርቅ ነበረው። የራሱ ገቢ ያለው ጦር ሕዝቡን አይፈልግም፤ ሕዝቡን የማይፈልግ ጦር ደግሞ የሕዝብ ተወካይን አይሰማም። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2002 የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በወታደራዊ መኮንኖች እየተመራ የስኳር ፋብሪካ ግንባታንና የሕዳሴውን ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያዘ፤ የግድቡ ሥራ በ2010 መጨረሻ ከእጁ ወጣ፤ በ2011 ኃላፊዎቹ ታሰሩ። መኮንን ነጋዴ ሲሆን ሠራዊቱ ያለ ሙያው ይዳክራል፤ በደረቱ ላይ ያለው ሜዳልያም ለኮንትራት ማስያዣ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሁን፤ ሠራዊቱ ከፓርቲው ይለይ፣ ደሞዙና በጀቱ ደግሞ በሕዝብ ምክር ቤት እጅ ይግባ።

ጠበቃዋ፦ ይህን በተግባር ያዋለ አገር ካለ ደቡብ አፍሪካ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 የአፓርታይዱ ጦር፣ የኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ታጋዮች፣ የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ጦርና የአራቱ ባንቱስታን ወታደሮች በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ኔልሰን ማንዴላ የአፓርታይዱን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጌዮርግ ሜሪንግን በቦታው አቆዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተተኩት ከኡምኮንቶው አዛዦች አንዱ በነበሩት በሲፊዌ ንያንዳ ነው። ግን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሎምፎንቴን በሚገኘው በቴምፔ የጦር ሰፈር አንድ ጥቁር መኮንን ነጭ ባልደረቦቹን ተኩሶ ገደለ። የኤል ሳልቫዶሩ ምሳሌዎትም ቢሆን አልጸናም፤ ወንጀል በዛ ተብሎ ወታደር ወደ ጎዳና ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ፕሬዚዳንቱ የታጠቁ ወታደሮችን አስከትለው ፓርላማ ገቡ።

መምህሩ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን የሚያስተምሩን ስለ አንድ ነገር ነው። የደቡብ አፍሪካ ውሕደት መራራ ነበር፤ በማዕረግ ተጣሉ፣ በቋንቋ ተጣሉ፣ ቴምፔ ላይ ደም ፈሰሰ። ሆኖም ቁጣው አንድ ሰፈር ውስጥ ቀረ፤ ክፍለ ጦር ለክፍለ ጦር አልተታኮሰም፣ አገርም አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕገ መንግሥታቸው ደግሞ የጸጥታ ኃይል አባል ሕገ ወጥነቱ በግልጽ የሚታይን ትእዛዝ መፈጸም እንደሌለበት ይደነግጋል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ገመዱን ከአለቃው እጅ አውጥቶ ከሕጉ ጋር ያስረዋል። ኤል ሳልቫዶርን በተመለከተ፣ የጦሩ ሥራ አንዴ ስለተለወጠ እንደተለወጠ እንደማይቀር ነው የሚያሳየን። ለጊዜው ተብሎ ወደ ጎዳና የወጣ ወታደር በጊዜው አይመለስም፤ ፖሊሱ ይደክማል፣ ወታደሩ ይለምዳል፣ ገዢውም ይለምደዋል። ፓርላማው ውስጥ የቆመው ወታደር በአንድ ቀን አልደረሰም፤ በመጀመሪያ የወጣው የወንጀለኛ ቡድን ሊይዝ ነበር።

ጠበቃዋ፦ እዚህ ላይ የራሳችንን ጉዳይ እንንካ። ከ2009 ወዲህ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተደጋጋሚ ታውጇል፤ «ኮማንድ ፖስት» የሚለው ቃል የማያውቀው ሕፃን የለም። አንቀጽ 93 አዋጁ እስከ ስድስት ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያም ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ እያደሰ ሊያራዝመው እንደሚችል ይናገራል። ያ «በየአራት ወሩ» ማብቂያ የለውም። ግን በሌላ በኩል የታጠቀው ብዙ በሆነበት አገር፣ ፖሊስ ብቻውን የማይቋቋመው ኃይል በተነሣበት አገር፣ ሠራዊቱ ከሰፈሩ አይውጣ ማለት ሕዝቡን ለታጣቂ መተው አይሆንም?

መምህሩ፦ አይውጣ አልልም። የሚወጣው በጽሑፍ ትእዛዝ ይሁን፤ የት እንደሚሰፍር፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ሲመለስም የሠራውን ምክር ቤት ይስማው። አለዚያ የጸጥታው ሥራ የፖለቲካውን ሥራ ይተካዋል። የ2015ን ሁለት ውሳኔዎች አወዳድሪ። በሰሜን ዕዝ ሌሊት የተጀመረውን ጦርነት ለማቆም ጥቅምት 23 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት አገሪቱ አንድ መከላከያ ሠራዊት ብቻ እንደሚኖራት ተቀበለ፤ ተዋጊዎች ትጥቅ እንዲፈቱና ወደ ኑሯቸው እንዲመለሱ ተስማማ፤ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም በየክልሉ ያሉ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቀደ። የተግባሩ ነገር የዘገየና የጎደለ ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ውል አለው፣ ተጠያቂ አካል አለው። በመጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባልስ? የክልል ጦር የማይገባ ነገር መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ አንድ አገር ብዙ ሠራዊት አይኖራትም። ነገር ግን የልዩ ኃይሉ አባል መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ክልል ፖሊስ ግባ ሲባል፣ ማዕረጉ ምን እንደሚሆን፣ ትናንት በጦር ግንባር የከፈለው መሥዋዕትነት እንዴት እንደሚቆጠር፣ አካባቢውን ማን እንደሚጠብቅለት አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። በአማራ ክልል ብዙው ከነትጥቁ ወጣ፤ ሐምሌ ላይ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባ። ተቋምን በመግለጫ ማፍረስ በ1983 ወዲያው ሳያስከፍል ቀርቶ ይሆናል፤ በ2015 አስከፍሏል።

ጠበቃዋ፦ እንግዲያው ሕግ የሚጻፍ ቢሆን እኔ እነዚህን አስገባ ነበር። ኤታማዦር ሹሙ በምክር ቤት ጸድቆ ለተወሰነ ዘመን ይሾም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ አዛዥ ስለሆነ ብቻ አንድ ሌሊት ሊያነሣው አይችል። የአገር ውስጥ ስምሪት ሁሉ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ግልጽ ሕገ ወጥ ትእዛዝን አልፈጽምም ማለት ግዴታ እንጂ አመፅ አይባል። ሠራዊቱ አይነግድ። አምስተኛው ከነገሌ ቦረና ታሪክ የመጣ ነው፤ የጀርመን ፓርላማ የወታደሮችን አቤቱታ በቀጥታ የሚሰማ ከአዛዦች ነጻ የሆነ እንደራሴ አለው። ከናዚ ዘመን በኋላ ጦር እንደገና ሲያቋቁሙ ያመጡት ነው፤ ወታደሩ ደንብ ልብስ የለበሰ ዜጋ ነው ብለው። መስከረም 30 ቀን 2011 በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች ትጥቃቸውን እንደያዙ የደሞዝ ጥያቄ ይዘው ቤተ መንግሥት ሲሄዱ፣ እንዲህ ያለ ደጅ አልነበራቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፑሽ አፕ አሠርተዋቸው፣ አብረዋቸውም ሠርተው አረጋጓቸው፤ ቆይተው ግን ዓላማው ሌላ እንደነበር ተናገሩ። ከ44 ዓመት በኋላም የወታደር አቤቱታ በቀጥታ ወደ መንግሥት በር ይሄዳል ማለት ነው።

መምህሩ፦ አምስቱንም እቀበላለሁ፤ አንድ ብቻ ልጨምር። ያለፈው ሠራዊት ክብሩ ይመለስ። በካራማራ የቆሰለው፣ በባድመ የሞተው፣ በየዘመኑ ባንዲራ ሥር የተሰለፈው ሰው በየሥርዓቱ ስም መከፋፈሉ ይብቃ፤ መንግሥት ይለዋወጣል፣ ወታደሩ ግን ያገለገለው አገር አንድ ነው። ይህን የምለው ለሽማግሌዎቹ ደስታ ብቻ አይደለም። ዛሬ የተሰለፈው ወጣት መኮንን ከእሱ በፊት የነበሩት በለውጥ ማግስት እንዴት እንደተጣሉ ያያል፤ ስለዚህ የሚያገለግለው መንግሥት ከወደቀ አብሬ እወድቃለሁ ብሎ ያስባል፤ ስለሚፈራም መንግሥቱን እንጂ ሕጉን አይጠብቅም። ይህ ፍርሃት ነው ገመዱን ያጠነከረው። አንድ ሠራዊት ሚናው ተለወጠ የምንለው በመሐላው ወይም በደንብ ልብሱ ቀለም አይደለም። ገዢው ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ሲለቅ፣ ኤታማዦር ሹሙ በማግስቱ ሥራው ላይ ገብቶ ለአዲሱ መንግሥት ሪፖርት ሲያቀርብ፣ አሸናፊውም «የቀድሞው ጦር» የሚል ቃል ሳያስፈልገው ሲቀበለው ነው። ያን ፈተና ይህች አገር አንድም ጊዜ አልተፈተነችውም። እስክትፈተነው ድረስ ደግሞ ዝግጅቱ አሁን ይጀመር፤ ትጥቅ የሚፈታውን በክብር በመሸኘት፣ የሚቀረውን በሕግ በማሰር፣ ያጠፋውን በስሙ በመጠየቅ። ይህን ሳናደርግ የምንገነባው ጦር ምንም ያህል ቢታጠቅ፣ የሚቀጥለው ለውጥ ሲመጣ እንደገና ለመፍረስ የተዘጋጀ ነው።